ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ግን በቀኑ ይጠየቃል፤ በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ ቆላ ምን ብንዘራ ይሻላል?

የሐርቡ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ሲሆን መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ሐርቡ አካባቢ ያለውን የቤተሰባችንን መሬት የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የማዳበሪያው፣ የዘሩና አንዳንዴም የበሬው ወጪ ግን ከእኔ ደመወዝ ይወጣል። መሬቱ ስድስት ጥማድ ገደማ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ተኩል ያህል ነው። የሚበዛው ክፍል ከአያቶቻችን ጀምሮ ማሽላ ሲዘራበት የኖረ ሲሆን ቀሪው የጤፍ ማሳ ነው። ከታች በኩል ጥቂት ጥቁር አፈር አለን፤ ላይኛው ግን ድንጋያማና ቶሎ የሚደርቅ ነው።

እኛ ዘንድ ረጅሙ ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ዝናብ ነው፤ በበልጉ በቅሎ፣ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለውን ደረቅ ጊዜ ችሎ ይቆይና ክረምቱ ሲገባ አድጎ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። አሁን አሁን ግን ሚያዝያ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጥሎ ይጠፋል። በዚያ ተስፋ የተዘራው ይበቅልና ግንቦት ላይ ይጠወልጋል፤ እንደገና ይዘራል፤ ዘሩም ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል። በሰኔ አጋማሽ ይገባ የነበረው ክረምት ወደ ሐምሌ ይሻገራል፤ ከገባም በኋላ አፈሩን ጠርጎ የሚወስድ ዶፍ ለጥቂት ቀናት ያወርድና ነሐሴ ሲያልቅ ቀጥ ይላል። አምና ማሽላው ቁመቱን ጨርሶ ሊያሸት ሲል ዝናቡ ቆመና ራሱ ከመጨረሻው ቅጠል ጉያ ሳይወጣ ቀረ። ቅጠሉን ገልጠን ስናየው ግማሹ ጭራሽ ፍሬ አልያዘም፣ የያዘውም አልሞላም ነበር። አገዳው ለከብቶቹ ሆነ፤ ለጎተራው የተረፈ ነገር ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ከዝናቡ ይብሳል። ማዳበሪያ የምንወስደው ሰኔ ላይ፣ ከፊሉን በእጅ ከፍለን ከፊሉን በብድር ነው፤ ብድሩ የሚጠየቀው ጥር ላይ ነው። ወንድሜ እህሉን ከአውድማ እንዳነሣ፣ ዋጋው በዓመቱ ዝቅ ባለበት ጊዜ ኮምቦልቻ ወስዶ ይሸጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ ሲራቆት እኔ ከደሴ ገበያ ያንኑ የማሽላ ዓይነት እጅግ በተወደደ ዋጋ ገዝቼ እልካለሁ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት አንበጣው፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው የአጨዳ ወቅት ጦርነቱ ስለደረሰብን ከዚያ ወዲህ ክፉ ቀን የምናሳልፍበት ጥሪት የለንም።

ይህን የምጽፈው ከሚያዝያው ዝናብ አስቀድሞ፣ ለመወሰን ጊዜ ሳለ ነው። ረጅሙን ማሽላ እርግፍ አድርገን መተው ይኖርብናል? ዝናቡ እርግጠኛ ባልሆነበት ሁኔታ በዚህ ዋጋ ማዳበሪያ መጨመርስ ያዋጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርቱን ጥር ላይ ከመሸጥ የምንድንበት መንገድ ካለ በሙያም በልምድም የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የሰብል ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ያነሡት ጉዳይ በቃሉ፣ በወረባቦና በባቲ ቆላ የሚያርስ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። የሠራሁት በዚሁ አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብመልስልዎ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

የኮምቦልቻ አካባቢ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ አንድ ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። መጠኑ ለብቻው ቢታይ ለማሽላም ለጤፍም የሚያንስ አይደለም። ገበሬውን የሚጎዳው የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን መዛባቱ፣ በመካከሉም ለሳምንት ለአሥር ቀን መጥፋቱ ነው። ኤልኒኖ በሚከሠትበት ዓመት የሰሜንና የምሥራቅ አማራ ክረምት እንደሚዳከም የታወቀ ነው፤ የ2007ቱን ክረምት በማሳው ላይ ያሳለፈ ሰው ይህን ማስረጃ ሳይጠቀስለት ያውቀዋል። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚያወጣውን ትንበያ ሲሰሙ ልብ የሚሉት ነገር ቢኖር፣ ትንበያው “ከመደበኛ በላይ”፣ “ለመደበኛ የቀረበ” እና “ከመደበኛ በታች” እያለ የሚናገረው ስለ ወቅቱ አጠቃላይ መጠን ዕድል መሆኑን ነው። “ለመደበኛ የቀረበ” ስለተባለ ዝናቡ በጊዜው ገብቶ ሳይቋረጥ ይሄዳል ማለት አይደለም። ለዘር ቀን የሚረዳዎት በየአሥር ቀኑ የሚወጣው መረጃ ነው፤ እርሱንም ከራስዎ አፈር ጋር ማመሳከር ይገባል።

ረጅሙን ማሽላ እርግፍ አድርገው ይተዉት አልልም። የሚዘራበትን ቦታና ሁኔታ ግን ይገድቡት። ሚያዝያ ላይ ሲጥል ለዘር ከመቸኮል በፊት ወንድምዎ ማሳው ውስጥ በዶማ ይቆፍርና ርጥበቱ የት ድረስ እንደወረደ ይይ። ስንዝር ተኩል ካልደረሰ ላዩ ብቻ ነው የራሰው፤ በዚያ ላይ የሚዘራ ዘር ይበቅላል፣ ግን ግንቦትን አይሻገርም። በቂ ርጥበት ከተገኘ ረጅሙን ማሽላ ውኃ በሚይዘው በታችኛው ጥቁር አፈር ላይ፣ እርሱም ከፊሉ ላይ ብቻ ይዝሩ። ላይኛው ድንጋያማ ማሳ የረጅም ማሽላ ቦታ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል።

ሚያዝያው ካልሆነ ደግሞ በግንቦት አሥር ጊዜ ከመሞከር ይልቅ እስከ ሰኔ መጨረሻ ታግሶ ቶሎ ደራሽ ማሽላ መዝራት ይሻላል። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች በአጭር ጊዜ ከመድረሳቸውም በላይ የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያቀጭጨውን አረም፣ አቀንጭራን፣ በመቋቋም ይታወቃሉ፤ ማሳዎ ላይ ያቺ ሐምራዊ አበባ የምትታይ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝናቡ ሐምሌ ከገባ በኋላ ከመጣ ጤፍና ማሾ (ትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ) አሉ። ጤፍ ከሆነ እንደ ፀደይ ያለውን ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ይምረጡ፤ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በምርት የተመሰገነ ቢሆንም ርጥበት በሚቆይበት አገር ነው የሚያምርበት። ማሾ ከተዘራ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ራሳ የተባለው ዝርያ ለእርስዎ አካባቢ ይስማማል። ሁሉም ቀርቶ ነሐሴ ቢያልፍ እንኳ ጥቁሩ አፈር በያዘው ርጥበት መስከረም ላይ ሽምብራ ያበቅላል።

ይህን ቅደም ተከተል ገበሬው ከእኛ ሳይማር ያውቀዋል፤ የወሎ ቆላ ገበሬ ዝናቡን እያየ ሰብል ሲቀያይር የኖረ ነው። የሚቸግረው ዘሩ ነው። እንዲህ ለመቀያየር ሦስት ዓይነት ዘር አስቀድሞ ቤት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ዘር ፍለጋ የወጣ ሰው የሚያገኘው ከገበያ ጆንያ ውስጥ የተዘገነ ድብልቅ ነው። እናም ከደመወዝዎ የሚያወጡት ገንዘብ ካለ ከማዳበሪያው ትንሽ ቀንሰው ለዘር ያውሉት ብዬ እመክራለሁ።

ወደ ማዳበሪያው ስመጣ፣ ኤንፒኤስና ዩሪያ አንድ ዓይነት ነገር እንዳልሆኑ መታወቅ አለበት። ኤንፒኤስ ከዘር ጋር አፈር ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ በአብዛኛው እዚያው ይቆያል፤ ዝናቡ ቢበላሽ እንኳ ከፊሉን የሚቀጥለው ዓመት ሰብል ያገኘዋል። ዩሪያ ግን ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ በደረቅ ማሳ ላይ በትነውት ፀሐይ ሲያገኘው ወደ አየር ይተንናል፣ ዶፍ ሲያገኘውም ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ዩሪያውን ከዘር ጋር አይጨርሱት። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ ሽልሻሎ በሚደረግበት (በቡቃያው መካከል በበሬ በሚታረስበት) ጊዜ፣ አፈሩ ርጥብ መሆኑ ተረጋግጦ ከሥሩ ራቅ ብሎ ይደረግና ወዲያው አፈር ይልበስ። ያ ጊዜ ደርቆ ካለፈ አይጨምሩት፤ ከረጢቱን አጥብቀው አስረው ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ካስቀመጡት ለከርሞ ይሆናል። ማሾ ጥራጥሬ በመሆኑ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኝ ዩሪያ አያስፈልገውም። በዚህ ብቻ በየጥማዱ የሚድነው ገንዘብ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ቀላል አይደለም፤ በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነገር፣ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ ከመቶ በላይ ሲወጣ መንግሥት ቢደጉመውም ገበሬው ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም።

አንድ ልጨምር። ላይኛው ማሳ ላይ ትልሙን በየመሐሉ በአፈር ቋጥሩት፤ የወረደው ዶፍ ወደ ቦርከና ከመሮጥ ይልቅ በየቋጠሮው መካከል ይቆማል። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፣ ወጪ ግን የለውም።


የእህል ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ

ባለሙያው ስለ ዘሩ ያሉትን አልጨምርበትም፤ እኔ የማውቀው ከአውድማ በኋላ ያለውን ነው። ብዙ ሰው ነጋዴን በሁለት ነገር ይወቅሳል፤ በጥር በርካሽ ይገዛል፣ በነሐሴ በውድ ይሸጣል ይላል። እውነት አለው። ነገር ግን ጥር ላይ ዋጋውን የሚያወርደው አንድ ነጋዴ ሳይሆን ከቃሉ እስከ ጨፋ ያለው ገበሬ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ዕዳ፣ በአንድ ወር፣ አንድ ዓይነት እህል ይዞ መምጣቱ ነው። በዚያን ሰሞን መጋዘኔ ሞልቶ ገንዘቤ ያልቃል፤ ሳልፈልግ የምገዛውን እህል በምን ዋጋ እንደምገዛው ይገምቱት። ከጥር እስከ ነሐሴ ያለው የዋጋ ልዩነትም ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ነቀዝ አለበት፣ የመጋዘን ኪራይ አለበት፣ ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ በተዘጋ ቁጥር የጭነት ዋጋ አለበት። ይህን የምለው ለማስተዛዘን አይደለም፤ ጠያቂው ወንድማችን እህሉን ራሱ ላቆየው ካለ እነዚህን ወጪዎች እርሱም እንደሚከፍላቸው እንዲያስብበት ነው።

የእኔ ምክር ዕዳውን በማሽላ አትክፈሉ የሚል ነው። ማሽላ የቤት እህል ነው። ማሾ ግን ሐምሌ ተዘርቶ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይሰበሰባል፤ ማለትም የጥር ዕዳ ከመድረሱ ሦስት ወር አስቀድሞ ገንዘብ ይሆናል። ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል በመሆኑ ገዢው የአገር ውስጥ በላተኛ ብቻ አይደለም፤ በምርት ገበያም የሚገበያይ ስለሆነ የዕለቱን ዋጋ በስልክ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ሁለት ጥማድ ማሾ ደህና ከያዘ የማዳበሪያውን ብድር ይሸፍን ይሆናል፣ ማሽላው በጎተራ ይቀራል፤ ነሐሴ ላይም ከደሴ የምትገዙት አይኖርም።

ያለ ችግር ግን አይደለም። የማሾ ዋጋ የሚወሰነው ከዚህ ርቆ ነው። ህንድና ኢንዶኔዥያ ያሉ ገዢዎች እጃቸውን ሲሰበስቡ እዚህ ዋጋው በሳምንት ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሾ ብቻ የዘራ ሰው ከማሽላ ገበሬ ይብሳል፣ ምክንያቱም የማሾ ወጥ ከእንጀራ ጋር ይበላል እንጂ እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ሙሉ መሬቱን የሚሰጥ ሰው ካለ እኔ ገዢው ሳለሁ እንኳ አትስጡ እላለሁ።

ሁለተኛው ጥራቱ ነው። ማሾ እኩል አይደርስም፤ ታችኛው ቆባ ሲጠቁር ላይኛው ገና ያብባል። ሁሉም እስኪደርስ የጠበቀ ሰው የታችኛው ፈንድቶ ይፈስስበታል፣ ወይም የመስከረም ካፊያ ያገኘውና ይጠቁራል። እኔ ዘንድ ናሙና ሲመጣ መዳፌ ላይ ዘርግቼ የማየው አረንጓዴነቱን፣ አንጸባራቂነቱንና የተሰበረውን ነው፤ ከዚያ አንዲቷን ፍሬ በጥርሴ እሰብራታለሁ፤ ቀጭ ካላለች ርጥብ ናት፣ መጋዘን ውስጥ ትሻግታለች። በዝናብ የጠቆረ እፍኝ ፍሬ የአንድ ጆንያ ዋጋ ያወርዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ መልቀም ግድ ነው።

ለሚቀመጠው ማሽላ ደግሞ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርቡን ከረጢት ፈልጉ፤ ፒክስ እያሉ የሚሸጡት ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና ከረጢቱ ካልተቀደደ ነቀዙ ውስጥ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መንፋትም ይቀራል። ዋጋው ከተራ ጆንያ ይበልጣል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ከያዙት ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። አንድ ቤተሰብ እስከ ሐምሌ የሚበላውን በዚህ ካስቀመጠ የቀረውን በጥር ሁሉንም ከመሸጥ በየወሩ እየከፋፈለ ቢሸጥ ይሻለዋል።


የደጋን (ቃሉ ወረዳ) ነዋሪ

የሁለታችሁም ምክር ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር ስላለ እንደ አንዲት ገበሬ ሴት ልናገር። አጭሩ ማሽላ አጭር አገዳ ነው ያለው። ለእናንተ አገዳ ትርፍ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን ከጥር እስከ ሰኔ በሬው የሚበላው እርሱ ነው፣ ምድጃ የሚነደው እርሱ ነው፣ አጥሩና የጎጆው ግድግዳም እርሱ ነው። ቶሎ ደራሹን በሙሉ ማሳችን የዘራን ዓመት እህሉ ከጎረቤት ተሽሎ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ግን ለበሬዎቹ ጭድ በገንዘብ ገዛን፣ ሰኔ ላይ ለእርሻ ሲወጡም ጉልበት አልነበራቸውም። ሒሳቡን የሚሠራ ሰው ይህን አብሮ ይደምር።

ሌላው ወፍ ነው። የሰፈሩ ማሽላ ገና አረንጓዴ ሳለ የአንድ ሰው ማሳ ብቻ ቀድሞ ሲያሸት የአካባቢው ወፍ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ወቅቱ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት መስከረም ነው። ጠያቂው መምህር ስለሆኑ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ማሾውንም እየደጋገሙ የሚለቅሙት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ጎንበስ ብሎ ቆባ በቆባ መልቀም ማሽላ እንደ ማጨድ አይደለም። ይህ ጉልበት ዋጋ የለውም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

መፍትሔ ካላችሁኝ፣ ቶሎ ደራሹን የሚዘራ ሰው ከማሳ ጎረቤቶቹ ጋር ተመካክሮ በአንድ ሰሞን ይዝራ፤ ወፉ ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ለአገዳውም ቢሆን ረጅሙን ማሽላ ጥቂት ጥማድ ላይ ማስቀረት ያስፈልጋል። እህል ባይዝ እንኳ የከብት ቀለብ ነው።


የኩታበር ልጅ

እኔም ኑሮዬ ደሴ ነው፤ አባቴ ግን ኩታበር ላይ ገበሬ ናቸው። ይህን ሁሉ ሳነብላቸው በጸጥታ አዳመጡና የሚከተለውን ጻፊልኝ ስላሉኝ እንዳሉት አስፍሬዋለሁ።

“ልጄ፣ የእናንተ ቆላ ክረምቱን ይለምናል፤ እኛ ደገኞች ደግሞ እንፈራዋለን። የእኛ እህል የበልግ ገብስ ነው። የካቲት ላይ ዘርተን ሰኔ ላይ እናነሣዋለን። በልጉ አንድ ወር ከዘገየ ገብሱም አንድ ወር ይዘገያል፤ ያን ጊዜ አጨዳው ከክረምቱ ጋር ይገናኛል። ነዶው ሳይወቃ ዝናብ ይገባበትና እዚያው ክምሩ ላይ ይበቅላል፤ እጅህን ሰደድ ስታደርግ ይሞቃል፣ ይሸታል። ዝናብ ሳይጠፋ እህል የሚጠፋው እንዲህ ነው። ክረምት የምንዘራውም ባቄላና ስንዴ ቢሆን ሐምሌ ላይ ውኃ ይተኛበታል፣ ነሐሴ ላይ በረዶ ይወርድበታል፣ ከዚያ ቢተርፍ ጥቅምት ላይ ውርጭ አለ። ቡሄ ካለ የለም ክረምት ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ አሁን እርሱም ቃሉን አይጠብቅም፣ አንዳንድ ዓመት ከቡሄ በፊት ይወጣል፣ አንዳንድ ዓመት መስቀልን አልፎ አዝመራ ላይ ይወርዳል።

እኛ ወደ ባህር ዛፍ ዞርን። ሰው ይወቅሰናል፤ ምንጩን አደረቀ ይላል፤ በውኃ ዳር የተተከለው እንደሚያደርቅ እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን አጣናውን ደሴ የሚሠራ ቤት ሁሉ ይገዛዋል፣ ዝናብ ቢዘገይ አይሞትም፣ ዕዳ የመጣ ቀን ቆርጠህ ትሸጠዋለህ። ለአንተ ባህር ዛፍ አልመክርህም፤ መሬትህ የእህል መሬት ነው። የምልህ ዕዳህን የምትከፍልበት ነገር ከዝናቡ ጋር ያልተቆራኘ ይሁን ነው። ሙክት ሁለት ሦስት አስረህ ብታደልብ፣ ለገናና ለጥምቀት ብታወጣው፣ ጥር ላይ እህል ይዘህ ከምትንከራተት ይሻልሃል። በግ የምትገዛው ሐምሌ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚበላው አጥቶ ከብቱን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነውና። ሣሩም ያን ጊዜ አለ።”

ከዚህ በኋላ ስለ ወጣቱ ትውልድ የተናገሩት ስለነበር እርሱን አላሰፈርኩትም።


የሐርቡ ልጅ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለኩታበሩ አባታችንም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ጽሑፋችሁን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ ካነበብኩለት በኋላ እንዲህ አሰብን። ሚያዝያው በቂ ርጥበት ከሰጠ ጥቁሩ አፈር ላይ ሁለት ጥማድ ረጅም ማሽላ ለአገዳውም ለእህሉም እናስቀራለን። ላይኛው ማሳ ላይ ሁለት ጥማድ ማሾ ያለ ዩሪያ እንዘራለን፤ የእርሱ ገንዘብ ለብድሩ ብቻ ይሆናል። የቀረውን ሁለት ጥማድ ዝናቡን አይተን ወይ ቶሎ ደራሽ ማሽላ ወይ ጤፍ እናደርገዋለን፤ ማሳ የሚያዋስኑን ሰዎች አብረው ቶሎ ደራሹን እንዲዘሩ ወንድሜ ሊያነጋግራቸው ነው። ስለ ሙክቱ ወንድሜ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን ሐምሌ ላይ መግዣው ከየት እንደሚመጣ ገና አላየሁትም፤ ያ ወር ለመምህርም ቢሆን ደረቅ ወር ነው።

የቀረኝ ጥያቄ የዘሩ ነው። የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ የሚመጣው ዘር መቼ እንደሚደርስ እርግጠኛ አለመሆኑን ነግሮናል። ከገበሬ ጎረቤት ብንገዛ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?


የሰብል ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

አከፋፈልዎ ጥሩ ነው፤ የደጋኗ እኅታችን ስለ አገዳው ያሉትም ተገቢ ነው፣ በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

የተሻሻለ ዘር በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ከመጣ እሰየው፤ አሁኑኑ ተመዝገቡ፣ ብቻውን ግን አትጠብቁት። ከጎረቤት መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ ለማሽላና ለማሾ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ከራስ ምርት መርጦ ማስቀረት ይቻላል። ከገበያ ጆንያ ከመዝገን ግን ማሳውን ያያችሁትን፣ ዝርያው ያልተደባለቀበትንና አቀንጭራ ያልነበረበትን ሰው ፈልጉ። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ የማይተናነስ ደቃቅ ስለሆነ ከማሽላው ጋር ተቀላቅሎ ቢመጣ በዓይን አይታይም፤ አንዴ ማሳ ከገባም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል።

ብቅለቱን ለማወቅ መቶ ፍሬ ሳይመርጡ ይቁጠሩና በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ያርከፍክፉበት። በሳምንት ውስጥ ከሰማንያ በላይ ከበቀለ ደህና ዘር ነው። ከስልሳ እስከ ሰማንያ ከሆነ የዘሩን መጠን ጨምሮ መዝራት ይቻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ለእንጀራ ያድርጉትና ሌላ ይፈልጉ። ነቀዝ የነካው ዘር አንዳንዴ ይበቅላል፣ ቡቃያው ግን አቅም ስለሌለው ደረቅ ሳምንት ካገኘው አይቋቋምም፤ እርሱን ከመቶው ውስጥ ለቅመው አያውጡት፣ እንዳለ ይቁጠሩት። ሙከራውን ሦስቱም ዘር ላይ ከሚያዝያ በፊት ጨርሱት፤ ግንቦት ላይ ዘሩ እንደማይበቅል የምታውቁ ከሆነ ሌላ ለመፈለግ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው፣ ዋጋውም ያን ጊዜ ይወጣል።